የክት ጎማ

ሰው ሊመረመር ሲሄድ ሌላ ሰው ሆኖ ነው የሚሄደው። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ እኔና መጽሐፍ አራተኛ ክፍል ላይ ተሰነባብተናል፣ በሰላም ነው፣ ማንም ማንንም አልበደለም። ያገኘሁት አጥሬ ሥር ቆሜ ነው። እስቲ ጤና ጣቢያ የምትሄድ ሴት እዩ። ሳምንት ሙሉ አልጋ ላይ ስትቃትት ከርማ፣ የሐኪሙ ቀን ሲደርስ ገላዋን ትታጠባለች፣ ጸጉሯን ትሠራለች፣ የክት ቀሚሷን ታወጣለች፣ ጫማ ከጎረቤት ትዋሳለች። ሐኪሙ "ምንሽን ነው የሚያምሽ?" ሲላት ደግሞ "አሁንስ ደህና ነኝ፣ ተመስገን" ትለዋለች። ሕመሙን ከዘወትር ቀሚሷ ጋር ቤት ሰቅላው መጥታ! ሐኪሙ ምን ያድርግ? የክቷን ሴት መርምሮ ይሸኛል። የዘወትሯ ቤቷ ሆና ትሞታለች።

"የሰው ወርቅ አያደምቅም" ይላሉ አባቶች። አባቶችን ማረም ነውር ባይሆን ኖሮ "ያደምቃል" እላቸው ነበር። አንድ ቀን በደንብ አድርጎ ያደምቃል። ጣጣው ማግሥቱ ነው።

እኛ ሲቀላ በሚባለው የከተማችን ክፍል፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ብለን ያለነው ሰዎች፣ ስንዋዋስ የምንኖር ነን። መጥረቢያው አንድ ቤት ይቀመጣል፣ እንጨቱ በየቤቱ ይፈለጣል። እንግዳ ሲመጣ ፍራሹ ከአንዱ፣ አልጋ ልብሱ ከሌላው ይሰበሰባል። የሙሽራ ሱፍ በሰፈሩ አንድ ነው፤ እጅጌው ያጠረበት ሙሽራ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ፎቶ ይነሳል። በዚህ አናፍርም። በኛ ሰፈር የተዋሰ ሰው አይታማም፤ የሚታማው ያልመለሰ ነው። የሰው ዕቃ ያሳደረ ሰው ሚስቱን ከሚደበድብ ሰው ይበልጥ ስሙ ይነሳል። ጥሩ ነው አላልኩም፤ እንዲህ ነው ነው ያልኩት።

በዚህ መሃል ነው ቦሎ የምትባል ጉድ የገባችው። ከመዳፍ የማትበልጥ ወረቀት ናት። መኪና ሁሉ በየዓመቱ ቀርቦ፣ ፍሬኑ፣ መብራቱ፣ ጎማው፣ ጭሱ ታይቶ "ደህና ነው" ሲባል ፊት ለፊት መስታወቱ ላይ ትለጠፋለች። እሷን ያልለጠፈ ትራፊክ ፊት አይቆምም። እኔ መኪና የለኝም፤ ያለኝ እግር ነው፣ እሱንም ማንም "አሳድሺ" ብሎኝ አያውቅም። ግን የቦሎ ወሩ የደረሰበትን ሰው ከሩቅ አውቀዋለሁ። ሲሄድ ወደ ታች እያየ ነው፤ የራሱን መኪና ጎማ አይቶ የሌላውን ጎማ ያያል። ዓይኑ እንደ ጫማ ጠራጊ መሬት ለመሬት ይሄዳል።

ድሮ ነገሩ ቀላል ነበር አሉ። መርማሪው ጎማውን በእግሩ መታ ያደርጋል፣ "እስቲ ክላክስ" ይላል፣ ይጮህለታል፣ አለቀ። በኋላ ማሽን መጣ። አንዱ ማሽን ፍሬን ይመዝናል፣ አንዱ ጭስ ያሸታል። ጭስ የሚያሸት ማሽን! እኛ ሴቶቹ ዕድሜ ልካችንን ጭስ ስናሸት ኖረን፣ ማን እንደ ባለሙያ ቆጠረን? ቢሆንም ማሽን ቢመጣ ሰው ደግሞ ከማሽን ቀድሞ ይነሳል። ምርመራው ሲደርስ መካኒክ ዘንድ ወስደው የናፍጣውን ፓምፕ ያስጠብቡታል፤ መኪናው ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ፣ እንደ ጨዋ ሰው ጭስ ሳያሳይ ያልፋል። በማግሥቱ መልሰው ያስከፍቱታል። ዳገት በጠባብ ጉሮሮ አይወጣማ።

ጎማ ግን አይጠብም፣ አይከፈት። ጎማ ካለቀ አልቋል። እዚህ ላይ ነው እድራችን የገባው።

አንድ ወደ ሐዋሳ የተዛወረ ጎረቤት መኪናውን ሲሸጥ፣ ገና የገዛቸውን አራት አዳዲስ ጎማዎች ከነቸርኬያቸው ለእድሩ ትቶልን ሄደ። እድር ጎማ ምን ያደርግለታል ትሉኝ ይሆናል። እኛም ብለን ነበር። ከድንኳኑ፣ ከብረት ድስቱና ከአግዳሚ ወንበሩ ጋር ዕቃ ቤት ተቀመጠ። ሰፈራችን ያሉት መኪኖች መቼም የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ሁሉም አሮጌ ፒካፕ፣ የአንዱ ጫማ ለሌላው ልክ። አንዱ ቦሎው ደረሰበትና "እስቲ ለዛሬ" ብሎ ወሰዳቸው፣ አለፈ፣ መለሰ። ሌላውም ወሰደ። ሳናስበው የሰፈሩ መኪና ሁሉ በእነዚያ አራት ጎማዎች ላይ ቆሞ የሚመረመር ሆነ። የክት ጎማ ማለት እንግዲህ ይህ ነው። መርማሪው እንኳ ለምዷቸው፣ "ዛሬ ደግሞ ከማን ጋር መጣችሁ?" አላቸው ብለው ይስቃሉ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ሥራው ፊቱ የቆመውን መኪና ማየት ነው፣ ፊቱ የቆመው መኪና ደግሞ ጥሩ ጎማ አለው። ማታ ምን አድርጎ እንደሚያድር ጠይቅ አልተባለም።

ታዲያ አንድ ጊዜ አንዱ ብልጥ ቦሎውን ካሳደሰ በኋላ ጎማዎቹን አስቀርቶ፣ ከገጠር፣ ከላንቴ፣ ሙዝ ሲያመላልስባቸው ከርሞ አንዱን ሚስማር አስበልቶት መለሰ። እድሩ ተቆጣ። ሕግ ወጣ። ጎማ በተራ ይወሰዳል፣ ታጥቦ ይመለሳል፣ ሰው ቤት አያድርም። በቃ። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የያዙት አያ ቶማ ሕጉን እንደ ጸሎት ይሉት ጀመር፦ "ጎማ አያድርም፣ ጎማ አያድርም።"

አሁን ወደ ዘለቀ ልምጣ። ስሸሽ ነው እስካሁን የቆየሁት።

ዘለቀ አጥር የሚያዋስነን ጎረቤቴ ነው። ነበር ልበል። ከላንቴ ሙዝ፣ ከጫኖ ማንጎ እየጫነ የሚኖር፣ ምጥ የያዛት ሴት ስትኖር ሙዙን አራግፎ ሆስፒታል የሚያደርስ ሰው ነበር። ጥርሱ ያለቀ ጎማ ይዞ መኖሩን ሁላችንም እናውቃለን፤ የማን ጎማ ጥርስ አለውና! አንድ አመል ነበረበት። የሰው ዕቃ ቤቱ ካለ እንቅልፍ አይወስደውም። አንዴ ከኔ መዶሻ ተውሶ፣ ዶፍ ዝናብ እየወረደ ከረጢት ራሱ ላይ ደፍቶ መጣ። "ነገ ብታመጣው ምን ነበር?" ስለው፣ "እትዬ፣ የሰው ዕቃ ቤት ካደረ ያስቃዣል" አለኝ። ይህን ለስንቱ አውርቻለሁ መሰላችሁ! "ሰው ማለት እንደ ዘለቀ ነው" እያልኩ፣ ያልመለሱትን እየወጋሁበት።

ሚስቱ ብርቄ የጨንቻ ልጅ ናት፤ ከላይ፣ ከደጋው። የበልጉ ዝናብ ሰማዩን ቀዶት በነበረበት ሰሞን የዘለቀ ቦሎ ደረሰ። ጎማዎቹን በተራው ወሰደ፣ ተመረመረ፣ አለፈ። አዲሲቱን ቦሎ ለጥፎ ሲገባ መስታወቱን ራሱ በሸሚዙ ጠረገው። ገና ከመኪናው ሳይወርድ ግን ከጨንቻ ስልክ ተደወለ። የብርቄ እናት ታመዋል፣ እህል አፋቸው አይገባም፣ ነገ ወርደው ሆስፒታል ካልገቡ አይተርፉም፤ ኋላ ሰው እንዳይቀየም ከወዲሁ ይታወቅ አሏቸው።

የጨንቻን መንገድ የማያውቅ ሰው ካለ ልንገረው። ከላንቴ በኩል ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ተራራውን እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ ያን ጊዜ አስፋልት የሚባል አልነካውም። በደረቁ አቧራ ነው። ሲዘንብ ሳሙና ነው። በአንድ በኩል ተራራ፣ በሌላው በኩል ምንም።

ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ ሁሉንም ሰማሁ። አጥር ሥር ምን ታደርጊ ነበር የሚለኝ ካለ፣ ለእራት የሚሆን የሃሌኮ ቅጠል ስቀነጥስ ነበር፤ ዛፉ እዚያ በቀለ እንጂ እኔ አልተከልኩትም።

"ጎማው ለነገ ብቻ ይደር ዘሌ፤ ነገ ማታ አጥበህ ትመልሳለህ" አለች ብርቄ።

"ነገ የጋሽ ደምሴ ተራ ነው።"

"የጋሽ ደምሴ መኪና ከቤተ ክርስቲያንና ከማንጎ ማሳው ሌላ የት ያውቃል? ከነገ ወዲያ ቢመረመር ምን ይሆናል?"

"ቀጠሮ ተቀብሏል እኮ ሴትዮ! ሰው ተራውን ጠብቆ እኔ ደጅ ይቁም?"

"እናቴ ናት ዘለቀ።"

"እናትሽን አመጣታለሁ አልኩሽ። እስከ ዛሬ በምን ስወጣ ኖርኩ? በነዚህ አይደለም?" አለና ግድግዳው ላይ ተደግፈው የቆሙትን የራሱን መላጣ ጎማዎች በእግሩ መታ መታ አደረጋቸው። ልክ እንደ ድሮው መርማሪ።

ብርቄ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ወዴት እንደሆነ ገባኝ። ጋሽ ደምሴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ ከሰሜን ለማስተማር መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ቁጡ የሚመስሉ ግን ልባቸው ቅቤ። እንደ ፈራችው አልሆነም። "ለሕመምተኛማ ይደር እንጂ! ቀጠሮው ይለፈኝ፣ ምን እሆናለሁ?" አሏት። ሴትየዋ እየሮጠች ተመለሰች። እንዲያ ስትሮጥ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ስትደርስ ግን ዘለቀ ጨርሷል። እሷ በወጣችበት እግር ክሪኩን አስገብቶ፣ መኪናውን አንስቶ፣ የክቶቹን ፈትቶ፣ የዘወትሮቹን አስሮ ነበር። የፈታቸውን ደግሞ አጥቧቸዋል። ምን ማጠብ! በብሩሽና በሳሙና፣ በጥርሶቻቸው መሃል የገባውን ጭቃ በሚስማር እየፈለቀቀ፣ ሕጻን ልጅ እንደሚያጥብ። አንድ በአንድ እያንከባለለ ለአያ ቶማ አስረክቦ እጁን በሱሪው እያደራረቀ ነው የደረሰችበት።

"ፈቀዱ! ጋሽ ደምሴ ይደር ብለዋል! ሂድ መልሰህ አምጣው" አለችው፣ ትንፋሿ ተቆራርጦ።

ዘለቀ እጁን ማድረቁን ጨረሰ። ከዚያ "አንዴ አስረክቤያለሁ" አላት። "አስረክቤ የወጣሁትን ዕቃ ተመልሼ አምጡ ልበል? ሰው ምን ይለኛል?"

"ሰው ምን ይለኛል" ሲል ወደ አጥሩ ዞር አለ። ወደኔ። እኔ ምን አልኩ? እንኳን ልናገር፣ ሳሌን አፍኜ ነበር የቆምኩት።

ይሉኝታ የሚመረመርበት ማሽን እስካሁን አልመጣም።

በጠዋት ወጣ። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ፣ ጭጋጉ ተራራውን ውጦት ነበር። ብርቄ እናቷ የሚተኙበትን አልጋ ስታነጥፍ ዋለች፤ ፍራሹን ከኔ ነው የወሰደችው። ዘለቀ ጨንቻ ደርሶ አማቱን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ከጎኑ አስቀምጦ መውረድ ጀመረ። ቁልቁለቱ መሃል አንድ ጠማማ ላይ መኪናው እንቢ አለ። ፍሬን ያዘ፤ ፍሬኑ ያዘለት፣ ፍሬኑ ደህና ነበር፣ ማሽኑም መዝኖታል። መሬቱን መያዝ የነበረበት ጎማው ነው። የሚይዝበት ጥርስ አልነበረውም። አማቱ ኋላ ሲናገሩ "ቀስ ብሎ ነው የሄደው" አሉ። "ሳህን ከጠረጴዛ ላይ እንደሚንሸራተት። እሱ 'አይዞሽ እማማ፣ ደርሰናል' ይለኝ ነበር።"

ወደዚያ ምንም ወደሌለው በኩል ሄዱ።

ሊያሳክም የሄደው ሞተ። በሽተኛዋ ክንዳቸው ተሰብሮ ዳኑ። እኔ የሰማሁት ከማንም አፍ አይደለም። ከአስፋልቱ በኩል የሚመጡትን ወንዶች አረማመድ አይቼ ነው ያወቅሁት። መርዶ የያዘ ሰው አይፈጥንም፣ አይዘገይም፣ ወደ በርሽ አያይም።

ብርቄ ድንኳን ያስፈልጋታል እንግዲህ። አያ ቶማ ዕቃ ቤቱን ከፈቱ። ድንኳኑ ተጠቅልሎ መሬት ላይ ነው፤ ከላዩ ላይ እነዚያ አራት ጎማዎች ተቀምጠዋል። ታጥበው። አብረቅርቀው። የገቡት ወንዶች ባሉበት ቆሙ። ድንኳኑን ለማውጣት መጀመሪያ ጎማዎቹ መውጣት አለባቸው፣ የሚነካቸው ግን ጠፋ። በመጨረሻ አያ ቶማ ራሳቸው ጎንበስ ብለው ማንከባለል ጀመሩ። ያ ሁሉ መሬት ዝናብ ጠግቦ ካስማ አልያዝ አለ፤ ከአባያ በኩል የሚመጣው ነፋስ ደግሞ ሸራውን ይገለብጠዋል። አንዱ ሳያስበው አንደኛውን ጎማ ጎትቶ ገመዱን አሰረበት። ያዘ። ሌሎቹንም በየማዕዘኑ አደረጓቸው። ለዘለቀ የተጣለውን ድንኳን ያቆሙት እነሱ ናቸው። እንዲያ ያለ ነፋስ ሲነፍስ ውሎ ንቅንቅ አላሉም። ጥሩ ጎማ ጥሩ ነው፣ ምን ይባላል።

ጋሽ ደምሴ ከአንዱ ጎማ አጠገብ ተቀመጡ። ቀኑን ሙሉ እሱኑ ሲያዩ ዋሉ። ጎማዎቹን ዘለቀ ይዟቸዋል ብለው የተዉት የምርመራ ቀጠሯቸው አልፏል። ማንም አላነሳም፣ እሳቸውም አላነሱ።

በሰልስቱ የብርቄ እናት ክንዳቸው በጀሶ ታስሮ ከሆስፒታል መጡ። ተደግፈው ድንኳኑ መሃል ተቀመጡና ሽማግሎቹን በጋሞኛ ጠየቁ፦ "ጎሜው ምንድን ነው?" ጎሜ ደጋ ያለ ሰው የሚፈራው ነገር ነው፤ ሕግ ሲጣስ፣ ነውር ሲሠራ የሚከተል መቅሠፍት። እንዲህ ያለ ሞት ሲመጣ ሽማግሎች ተቀምጠው "ማን ምን ጣሰ?" ብለው ይመረምራሉ፤ የጣሰው ይናዘዛል፣ ይታረቃል። እንግዲህ ይመርመሩ! ዘለቀ ምን ጣሰ? የተዋሰውን መልሷል። አጥቦ መልሷል። የሰው ተራ አልወሰደም። የእድር ሕግ አላፈረሰም። የመንግሥትንም ምርመራ አልፏል። ሁሉን ሕግ ጠብቆ የሞተ ሰው ጎሜው የት ይፈለግለታል? ሽማግሎቹ ተያዩ። አያ ቶማ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ፣ የድንኳኑን ገመድ በዓይናቸው ተከትለው እስከ ጎማው ድረስ ሄዱ፣ ከዚያ ወደ መሬት አዩ። ማንም አልተናዘዘም። ምን ብሎ?

ትራፊኮቹ ከገደሉ ያወጡትን መኪና አይተው "ተመርምሮ ያለፈ ነው፣ ችግሩ የመንገዱ ጭቃ ነው" አሉ። ልክ ናቸው። የፊቱ መስታወት እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቆ፣ ቦሎዋ ግን ጥግ ላይ ጭረት ሳይነካት ተቀምጣለች። ባለቤቱ ሞቶ፣ መኪናው ሞቶ፣ እሷ ዓመት ሙሉ ዕድሜ ነበራት።

ለቅሶው ሲበርድ እድሩ ስለ ጎማው ተሰበሰበ። አንዱ "ይሸጡ፣ ደም አለባቸው" አለ። ሌላው "ሸጠን በምን ልናልፍ ነው?" አለው። ከጥግ አንዱ "እንግዲህ ሁሉም የየራሱን ይግዛ" ሲል ብዙ ሰው ጉንፋን ያዘው፣ ሳል በሳል ሆነ። ተባለ ተባለና ሕጉ ይሻሻል የሚል ሐሳብ መጣ፦ ሩቅ መንገድ ላለበት ሰው ጎማው አንድ ሌሊት ቢያድር። ሁሉም ደስ አለው። ሰው መቼም ለሞተ ሰው የሆነ ነገር ማድረግ ይፈልጋል።

ብርቄ ከሴቶቹ መሃል ጥቁሯን ለብሳ ተነሳች። ድምጿ አይሰማንም ብለን ሁላችን አንገታችንን አሰገግን።

"ዘለቀ እኮ ሌሊት አልጠየቀም" አለች። "እስከ ማግሥቱ ምሳ ሰዓት ቢኖሩት ይበቃው ነበር።"

ከኋላ አንድ ሰው፣ ከልቡ ነው፣ ሊረዳት ፈልጎ፣ "እንግዲያው እስከ ማግሥቱ ምሳ ሰዓት ተብሎ ይውጣ" አለ። እጅ ወጣ። በሙሉ ድምፅ አለፈ።

ብርቄ እጇን አላወጣችም፣ አልተቃወመችም። ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ተቀመጠች።

ጎማዎቹ ይኸውና ይዞራሉ። እንደሱ አጥቦ የሚመልሳቸው ግን አልተገኘም። እኔም መድኃኒት ቤት ወይም ቀበሌ ስሄድ፣ በተለይ ከሲቀላ ወደ ሴቻ የሚወጣውን ዳገት ስጀምር፣ የሰፈር ልጅ መኪና አቁሞ "እትዬ፣ ይግቡ ላድርስዎት" ይለኛል። ፊቴን አይቶ አለመፈለጌ ሲገባው ቦሎውን በጣቱ እየጠቆመ "አይፍሩ፣ ትናንት ነው ያለፈ" ይለኛል። እኔ ጎንበስ ብዬ ታች አያለሁ። ጎማው መላጣ ከሆነ "በእግሬ ይሻለኛል፣ እደግ" ብዬው አልፋለሁ። ጥርሱ ያልተነካ አዲስ ጎማ ከሆነ ግን ይብስ እደነግጣለሁ። መስኮቱን በሁለት እጄ ይዤ እጠይቀዋለሁ፦

"ልጄ፣ መቼ ነው የምትመልሳቸው?"